ዕቃችን በስልክ ሲሸጥ፦ ገዢ በእጁ ሳይዳስስ የሚያምነው ፎቶ እንዴት ይነሳል?

በዚህ እትማችን ስለ ራሽንም ስለ ፈተና ውጤትም አይደለም የምናወጋችሁ። ስለ ፎቶ ነው። «ደግሞ ፎቶ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰን፤ ነገሩ ከእንጀራችን ጋር የተያያዘ ነው።

እንደሚታወቀው እኛ በለመድነው ገበያ ገዢ ይመጣል፣ ዕቃውን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ይዳስሳል፣ በርበሬ ከሆነም ያሸታል፤ ከዚያ በዋጋ ይከራከራል። ዛሬ ግን ገዢው ናይሮቢ ኢስሊ ተቀምጦ፣ ወይም ባሕር ማዶ ሆኖ፣ በዋትስአፕና በፌስቡክ የተላከለትን ያያል። መዳሰስ የለም፣ ማሽተት የለም። ያለው ዓይን ብቻ ነው። አባቶቻችን «ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ይሉ የለ? ፍርዱ የሚሰጠው በፎቶው ላይ ነው።

እዚህ ካኩማ ንግድ አዲስ ነገር አይደለም። ካምፑ በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ የኢትዮጵያውያን ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ምግብ ቤት ያልነበረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽንም በ2018 ባወጣው ጥናት በካኩማ ካምፕና ከተማ ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች መኖራቸውን ገልጾ ነበር። ሻጩ እንግዲህ ብዙ ነው። የገዢው ኪስ ግን የሁላችንም ኪስ ነው። በ2025 የምግብ ራሽን ክፉኛ ሲቀነስ ያየነው ይህንኑ ነው፤ ራሽኑ ሲቀንስ ሱቁም ይቀዘቅዛል፣ ሰፌድ የሚገዛ ጎረቤትም ይጠፋል። ስለዚህ መሶብ የምትሰፋ እናት፣ ዳንቴል የምትሠራ ልጅ፣ ጥልፍ የሚጠልፍ ወጣት ከካምፑ ውጭ ያለ ገዢ ያስፈልጋቸዋል። እኛ ያለ መንቀሳቀሻ ፈቃድ ከካምፕ መውጣት አንችልም፤ ፎቶአችን ግን ይወጣል። በመሆኑም ፎቶው ስለ እኛ ቆሞ የሚከራከር ነጋዴ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ብዙ ጊዜ የምናየው ምንድነው? ወር ሙሉ የተለፋበት መሶብ በጨለማ ቤት፣ ከጄሪካንና ከጫማ መሐል፣ በችኮላ ተነስቶ ይላካል። ገዢው አንድ ጊዜ አይቶ ያልፋል። ሥራው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አልታየም እንጂ። ለዚህ መፍትሔው ውድ ካሜራ አይደለም። ቀላል የሚባለው ስልክም ቢሆን አያያዙን ላወቀበት ይበቃል። ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ እናቀርበዋለን።

1. በቅድሚያ የካሜራውን መስታወት መጥረግ

ስልካችን ቀኑን ሙሉ ከኪስ ኪስ፣ ከእጅ እጅ ይዞራል። የጣት ቅባትና የካኩማ አቧራ በካሜራው መስታወት ላይ ይጋገራል። ቅባት ያለበት መስታወት ብርሃኑን ስለሚበትነው ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ብዙ ሰው «ስልኬ አርጅቷል» የሚለው አንዳንዴ ይኸው ነው። በመጀመሪያ አቧራውን እፍ ብላችሁ አራግፉ፤ አሸዋው ሳይራገፍ ከተጠረገ መስታወቱን ይጭረዋልና። ከዚያ በንጹሕና በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜውም ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

2. ብርሃን፦ መቼና የት?

የፎቶ ነገር ግማሹ ብርሃን ነው። እኛ የምንኖረው ከምድር ወገብ አጠገብ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ የተነሳ ዕቃ ላዩ ነጭ ሆኖ ይነጣል፣ ታቹ ደግሞ በጥቁር ጥላ ይዋጣል። የመሶቡ ቀይና አረንጓዴ ቀለምም የታጠበ ይመስላል። ስለዚህ የሚሻለው ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አቧራ የሚያነሳ ነፋስ ካለ ጠብቁ።

ከቀጥታ ፀሐይ ይልቅ ደግሞ ብሩህ ጥላ ይመረጣል። ብሩህ ጥላ ማለት ሰማዩ የሚታይበት፣ ፀሐዩ ግን በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ የበር ደጃፍ፣ የቤት ጥግ፣ የበረንዳ ሥር። ዕቃውን ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ ሁለት እርምጃ አስገብታችሁ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ብታዞሩት በጣም ያምራል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የኒም ዛፍ ጥላ ላይ ነው። በቅጠሎቹ መሐል የሚያልፈው ፀሐይ ዕቃውን እንደ ነብር ቆዳ ያዥጎረጉረዋል። ሰማያዊ ሸራ ሥር ማንሳትም አይመከርም፤ ሸራው ብርሃኑን ስለሚያቀልመው ነጭ ነጠላ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ነጭ ሸራ ከሆነ ግን ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ጥሩ ነው።

ከፀሐይ መሸሽ ካልተቻለስ? ነጭ ነጠላ በገመድ ላይ ዘርግታችሁ በፀሐዩና በዕቃው መካከል ጋርዱ። አንዱ ጎን ከጨለመ ደግሞ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን በጨለመው በኩል አቁሙ፤ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል። ማታ በሶላር አምፖል ማንሳትና በፍላሽ ማንሳት ግን ይቅርባችሁ። አምፖሉ ቀለሙን ይለውጠዋል፤ ፍላሹ ደግሞ በሚያብረቀርቅ ዕቃ ላይ ነጭ ነጥብ ይተክልበታል።

3. ከዕቃው ጀርባ ምን አለ?

ገዢው የሚያየው መሶቡን ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያያል። ያልታጠበ ዕቃ፣ የተሰቀለ ልብስ፣ የሚሯሯጥ ዶሮ ካለ ዓይኑ ወደዚያ ይሄዳል። አንድ ቀለም ያለው፣ ያልተጨማደደ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ስቀሉና ጫፉን ወደ ታች አውርዳችሁ መሬቱ ላይ አንጥፉት። ዕቃው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጥላው ጨርቁ ላይ እንዳያርፍ። ደማቅ ቀለም ላለው ዕቃ ነጭ ወይም አመድማ ጨርቅ ይስማማዋል። አበባ ያለው አንሶላ ግን ከጥልፉ ጋር ይጣላል።

4. አያያዝ

ስልኩን በሁለት እጅ ያዙ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቁ፣ ወይም ስልኩን ጄሪካን ላይ አስደግፉት። ፎቶ የሚደበዝዘው አብዛኛውን ጊዜ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። በጣት ስቦ ማቅረብ ደግሞ ምስሉን ያበላሸዋል፤ ከማቅረብ ይልቅ በእግራችሁ ቅረቡ። ነገር ግን ትልቅ ዕቃ ላይ ከመጠን በላይ ከቀረባችሁ የፊቱ ክፍል ያበጠ ይመስላል። ለመሶብ ከአንድ ሜትር በላይ ራቁና በኋላ ትርፉን ቁረጡት። ለጥልፍ ዝርዝር አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል።

ቁመት ያለው ነገር፣ እንደ መሶብና ጀበና ያለው፣ በራሱ ቁመት ልክ ነው የሚነሳው፤ ቆመን ከላይ ካነሳነው አጥሮ ይታያል። ተንበርከኩ፣ ችግር የለውም! ዝርግ የሆነው፣ እንደ ሰፌድና ዳንቴል ያለው፣ በትክክል ከላይ ወደ ታች ይነሳል።

5. ነጭ ዳንቴልና ጥቁር ጀበና

እነዚህ ሁለቱ ብዙ ሰው ያስቸግራሉ፤ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የስልክ ካሜራ ብርሃኑን በራሱ ይመጥናል፤ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ሊያመጣው ይሞክራል። ስለዚህ ስክሪኑን የሞላ ነጭ ዳንቴል ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጩ አመድማ ይሆናል። ጥቁር ጀበና ሲያይ ደግሞ «ጨለማ ነው» ብሎ ያነጣዋል፤ ጀበናው የደበዘዘ ግራጫ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በስክሪኑ ላይ ዕቃውን በጣት ንኩት። በአብዛኞቹ ስልኮች የፀሐይ ምልክት ወይም መስመር ብቅ ይላል። ለዳንቴል ወደ ላይ፣ ለጀበና ወደ ታች ጥቂት ሳቡት፤ ዓይናችሁ የሚያየውን ቀለም ሲመስል አንሱ። ከዚህም ሌላ ዳንቴሉን ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጨርቅ ላይ አንጥፉት፤ እያንዳንዱ ቀዳዳና አበባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጀበናውን በተቃራኒው ፈዛዛ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ጀበናው የተወለወለ ከሆነ የእናንተን ጥላ እንደ መስታወት ሊያሳይ ስለሚችል በትንሹ አዘንብሉት ወይም ወደ ጎን ሸሸት በሉ።

6. የካርቶን ስቱዲዮ

ለትንንሽ ዕቃዎች፣ ማለትም ለጆሮ ጌጥ፣ ለስኒ፣ ለታሸገ በርበሬና ሽሮ፣ ከሱቅ የተረፈ ካርቶን ይበቃል። ካርቶኑን አፉ ወደ እናንተ እንዲሆን በጎኑ አስተኙት። ግራ፣ ቀኝና ላዩን እንደ መስኮት ቁረጡና በስስ ነጭ ወረቀት ወይም በነጭ ጨርቅ ሸፍኑት። ከዚያ አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ከኋላው ግድግዳ ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ ሳታጥፉት ጎበጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ማዕዘኑ ስለማይታይ ዕቃው በነጭ ብርሃን ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ሣጥኑን ደጃፍ ላይ አውጥታችሁ አንሱ። የእጅ ሥራ ትምህርት ላይ ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው።

7. ስንት ፎቶ ይበቃል?

ለአንድ ዕቃ አምስት ፎቶ በቂ ነው። አንደኛው ሙሉ ዕቃውን ከፊት። ሁለተኛው ከጀርባ ወይም ከሥር፤ ሥራ የሚያውቅ ገዢ የጥልፉን ጀርባ ነው የሚጠይቀው። ሦስተኛው ዝርዝሩን ከቅርብ። አራተኛው መጠኑን የሚያሳይ፤ ከጎኑ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ወይም ሜትር አስቀምጡ። ሰፌዱ የሠርግ ይሁን የጌጥ በፎቶ አይለይምና። አምስተኛው ዕቃው ሥራ ላይ ሆኖ፤ መሶቡ እንጀራ ይዞ፣ ጀበናው ከስኒዎቹ ጋር ረከቦት ላይ ተቀምጦ።

8. ነውሩን አትደብቁ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር መጣን። ፎቶ ማሳመር አንድ ነገር ነው፤ ፎቶ ማሳሳት ሌላ ነው። የስልኩን ማሳመሪያ ተጠቅሞ የደበዘዘውን ቀይ ደማቅ ማድረግ፣ የተሰነጠቀውን ጎን ወደ ግድግዳ ማዞር ለጊዜው ይሸጥ ይሆናል። ግን ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ በሎድዋርና በኪታሌ አልፎ ናይሮቢ ይደርሳል። ገዢው ይከፍተዋል። «ይሄ አይደለም ያየሁት!» ይላል። ዕቃው ሲመለስ የመላኪያውም የመመለሻውም ሒሳብ በሻጩ ላይ ይወድቃል። የሰፋችው እናት ትርፉን ቀርቶ የክሩንም አታገኝም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ገዢው ለሌላው የሚያወራው ነው። «የካምፕ ዕቃ አትግዙ» የሚል አንድ ቃል የአንዷን ብቻ ሳይሆን የሁላችንንም ደጅ ይዘጋል። ስለዚህ ጭረት ካለ በቅርብ አንሱት፣ በጽሑፍም ንገሩ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀንሱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

9. ፎቶው ስለ እኛስ ምን ይናገራል?

ይህን ክፍል እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። እያንዳንዳችን እዚህ የመጣነው በምክንያት ነው። አንዳንዶቻችን ያለንበትን እንዲያውቁ የማንፈልጋቸው ሰዎች አሉ። የመሶብ ፎቶ ውስጥ ግን መሶብ ብቻ ላይኖር ይችላል፤ የራሽን ካርድ፣ የስደተኛ ማስረጃ፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ የልጆች ፊትና ዩኒፎርም፣ ጎረቤትም ሊገባ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ፎቶውን አስፍታችሁ አራቱንም ማዕዘን እዩ። ፎቶ እንደ ቃል ነው፤ ከወጣ አይመለስም።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ። ብዙ ስልኮች ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ከምስሉ ጋር ደብቀው ይመዘግባሉ። በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይወገዳል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ተብሎ እንደ ሰነድ ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከመነሻው በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ የቦታ ምዝገባውን ማጥፋት ይሻላል። አንድ ጊዜ ከጠፋ በቃ።

ሰውን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ሠሪዋ ከሥራዋ ጋር መነሳት ከፈለገች ደስ ይላል፤ ግን ትጠየቅ፣ ፎቶው የት እንደሚሄድም ይነገራት። ፊቷን ካልፈለገች እጇ ሲሰፋ የሚያሳይ ፎቶ ይበቃል። በዚህ ካምፕ ለብዙ ዓመት ካሜራ ይዞ የሚመጣው እንግዳ ነበር፤ እኛ የምንነሳ፣ እሱ የሚመርጥ። የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ እንባችንንና ባዶ ሳህናችንን ነው። አሁን ካሜራው በእጃችን ነው። ዕቃችን በጥራቱ ይሸጥ እንጂ በምስኪንነታችን አይሸጥ። አዝኖ የገዛ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ወዶ የገዛ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

10. ከፎቶው ሥር የሚጻፈውና አላላኩ

ያለ ጽሑፍ የተላከ ፎቶ ሃያ ጥያቄ ያስከትላል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ባንድል ይበላል። እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል፦ «መሶብ ከነክዳኑ። ከዘንባባ ቅጠልና ከሱፍ ክር በእጅ የተሰፋ። ቁመት 60 ሳ.ሜ፣ የአፉ ስፋት 45 ሳ.ሜ። አንድ ብቻ አለ። ሌላ ለማዘዝ አምስት ሳምንት ይፈጃል። ዋጋው ይህን ያህል፣ የናይሮቢ መላኪያ ለብቻ።» ልጆቻችሁ ይህንኑ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እንዲጽፉላችሁ አድርጉ፤ ገዢው አበሻ ብቻ አይደለም።

ባንድል ለመቆጠብ መጀመሪያ በተራው መንገድ ላኩ፤ ዋትስአፕ ራሱ ያሳንሰዋል። ገዢው ከቅርብ ልይ ካለ ብቻ ትልቁን ላኩለት። ገዢው «ዕቃው በእርግጥ በእጃችሁ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠራጠር አትቀየሙ፤ ከሰው ገጽ የተሰረቀ ፎቶ የሚሸጡ አታላዮች አሉና። የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ከዕቃው አጠገብ አድርጋችሁ አንሱለት። እናንተም በበኩላችሁ ተጠንቀቁ፦ «ብሩን ልኬያለሁ» የሚል መልእክት ስለደረሰ ብቻ ዕቃ አይሰጥም። በኤምፔሳ ሒሳባችሁ መግባቱን ራሳችሁ አይታችሁ ነው። የሚስጥር ቁጥራችሁን የሚጠይቅ ገዢ ደግሞ ገዢ አይደለም።

11. በጋራ ቢሆንስ?

ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ በየቤቱ የለም፤ ግድም አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። በየብሎኩ አንድ ስልክ፣ አንድ ነጭ ጨርቅና አንድ የካርቶን ስቱዲዮ ይኑር። በሳምንት አንድ ጠዋት እናቶች ሥራቸውን ይዘው ይምጡ፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱና ሥራ ያጡ ወጣቶች ያንሱ፣ ይጻፉ፣ ይላኩ። ወጣቶቹም ዕቃው ሲሸጥ በቅድሚያ የተስማሙበትን ድርሻ ያግኙ። የማን ዕቃ በስንት እንደተሸጠ ሁሉም በሚያየው ደብተር ይመዝገብ፤ ማኅበር የሚፈርሰው በገንዘብ ማነስ ሳይሆን በሒሳብ አለመታየት ነውና።

በእጃችን ያለው ሙያ እንግዳ አይደለም። ከእናቶቻችን የተቀበልነው፣ ድንበር ስንሻገር ማንም ሊቀማን ያልቻለው ነው። ቀሪው ነገር በደንብ እንዲታይ ማድረግ ነው። ነገ ጠዋት በ1 ሰዓት ደጃፋችሁ ላይ ብርሃኑ በነጻ ይመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ሳትቸኩሉ መስታወቱን ጥረጉ፣ ጨርቁን አንጥፉ፣ አራቱን ማዕዘን እዩ፣ ከዚያ አንሱ።

ገበያው ይቅናችሁ። ቸር ያገናኘን!